ከሰቃ ብየዳ ቤት እስከ 402 ሜትር

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሰቃ ይገባል። ጥቅምት ጠብቶ ቀዩ ቡና መለቀም ሲጀምር መንገዱ የአይሱዙ ነው። እሸቱ ወደ ማጠቢያ፣ ጀንፈሉ ወደ መፈልፈያ፣ የተፈለፈለው ደግሞ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ክረምቱን በርና መስኮት፣ የአልጋ ቋሚና የሱቅ መዝጊያ ሲበይዱ የከረሙ የመንገድ ዳር ብየዳ ቤቶችም በእነዚህ ወራት ፊታቸውን ወደ መኪና ያዞራሉ።

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ከጋቢና ይወርድና በሽታውን ባጭሩ ይናገራል፦ «ያፏጫል፤ ዳገት ላይ አይጎትትም።» ረዳቱ ጋቢናውን ይገለብጣል። በያጁ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ፉጨቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍቶ ሲሞቅ ከቀነሰ፣ ስንጥቁ ብረቱ ሲለጠጥ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። «ጓርኒሲዮኑ ነው ወይስ ራሱ ብረቱ?» የሚለውን ክርክር ጥላሸቱ ይፈርደዋል። ጥላሸቱ የፍላንጁን ጠርዝ ተከትሎ ከተቀባ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ጭሱን ከሞተሩ በሚሰበስበው በማኒፎልዱ ገላ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ከወረደ ግን ብረቱ ተሰንጥቋል፤ የዚያን ቀን ጉዞም ቀርቷል።

ማኒፎልዱ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት። ጊዛ ሙቀት ይችላል፣ ድንገተኛ ለውጥ ግን አይወድም። ሥራውን የሚያውቅ በያጅ ስንጥቁን ከመበየዱ በፊት ሁለቱን ጫፎች በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ካልበሳ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ መሄዱን ይቀጥላል። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር እንደ ቦይ ይከፍታል፣ ማኒፎልዱን በከሰል ያሞቃል፣ ውድ የሆነውን የኒኬል ኤሌክትሮድ ያወጣና አጭር አጭር እየበየደ በመዶሻ ቀስ አድርጎ ይቀጠቅጣል። ሲጨርስ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል። ሹፌሩ ቸኩሎ «ውሃ ድፋበት» ቢለው ወዳጅነታቸው እዚያው ያበቃል። በተራ ኤሌክትሮድ የተለጠፈ ጊዛ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜም መኪናው የአበልቲን ዳገት ሳይጨርስ።

የማወራው ስለ ቱርቦ ነው። ሰቃ ላይ ቱርቦ ማለት የጭነት መኪና ነው፤ ለውድድር ተብሎ የተሠራ መኪና ለማየት ወደዚህ የሚመጣ ሰው የለም። ነገር ግን ለትንሽ የድራግ፣ ማለትም የአጭር ቀጥታ ሽቅድድም፣ መኪና ከባዶ የሚሠራው የቱርቦ ጭስ ማውጫ የሚጠይቀው እጅ፣ ይህን የአይሱዙ ማኒፎልድ የሚያድነው እጅ ነው። ጠላታቸውም አንድ ነው፦ ሙቀት። ውድድሩን ከውጭ የሚያይ ሰው ፍጥነት ይመስለዋል። ቱቦውን የሚሠራው ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚታገለው ብረቱ ሲግል የት ድረስ እንደሚለጠጥ ነው።

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ሲሶ የሚሆነው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በሙቀትና በግፊት መልክ። ቱርቦ ከዚያ ከሚባክነው ላይ ይቀማል። የጋለው ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላ መዘውር ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ፒስቶኖቹ ይገፋል። የትንሽ መኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከቴስታታው እስከ ተርባይኑ ባለው ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ ተራ የድምፅ ጉዳይ አይደለም። በስንጥቁ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ሊያዞር የነበረ ጉልበት ነው። ሹፌሩ «አይጎትትም» ያለው ለዚህ ነው።

ጭሱ እንደ ውሃ በወጥነት የሚፈስ ለሚመስለው ሰው ወፍጮ ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ገጠር ያደገ ሁሉ የናፍጣ ወፍጮን ድምፅ ያውቃል፤ ባለወፍጮዎቹ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ነገር ገጥመው ድምፁ ከሩቅ እንዲጣራ ያደርጉታል፣ እህል የተሸከመው ሰውም ወፍጮው መነሣቱን ከማዶ ሰምቶ ይመጣል። (ይህም አንድ የጭስ ማውጫ ጥበብ ነው፤ ማንም ግን እንደ ጥበብ አልቆጠረውም።) ያ «ኩክ ኩክ ኩክ» ባለ አንድ ፒስቶን ሞተር ነው፤ እያንዳንዱ ኩክታ አንድ ፍንዳታ ነው። በደቂቃ 600 ዙር የሚሄድ የወፍጮ ሞተር በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል። ባለ አራት ፒስቶን የመኪና ሞተር በ6,000 ዙር በሰከንድ 200 ጊዜ ይመታል። ጆሮ ለይቶ ሊቆጥረው ስለማይችል አንድ ወጥ ጩኸት ይመስለናል። ተርባይኑ ግን እያንዳንዷን ምት ይቀበላል። የቱቦው ሥራ እነዚህን ምቶች ተራ በተራ፣ ሳይጋጩና ሳይቀዘቅዙ፣ ማድረስ ነው።

ቱርቦና ደጋ

ቱርቦን ለመጀመሪያ ጊዜ በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1905። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን ከእሱ ይልቅ የሚቀርበን የአሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሞስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ተራራ አወጣው። ሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ቱርቦ በዓለም ፊት ራሱን ያስመሰከረው የሩጫ መኪናን በማፍጠን ሳይሆን ዳገት የነጠቀውን ትንፋሽ በመመለስ ነው።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ከጅማ ቡና ጭኖ የወጣ መኪና ጊቤ በረሃ ሲወርድ 1,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሞተሩ ትንፋሽ ያገኛል። ከወንዙ ተሻግሮ ወደ ወልቂጤና ወሊሶ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ይመልሳል። ቱርቦ ያለውና የሌለው አይሱዙ የሚለያዩት እዚያ ዳገት ላይ ነው። ሹፌሮች ይህን የሚያውቁት በመጽሐፍ አይደለም፤ ካምቢዮ በመቀነስ ብዛት ነው።

ለውድድር መኪናም ሒሳቡ ያው ነው። የግፊት ጌጁ 0.5 ባር ሲያነብ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሞተር በጠቅላላው 1.5 ባር ያህል አየር ይጎርሳል፤ ጅማ ያለው ግን 1.3 ብቻ። መርፌው አንድ ቦታ ቆሞ ጉልበቱ ይለያያል። ጅማ ላይ ቱርቦው የሚያመርታቸው የመጀመሪያዎቹ 0.2 ባር የሚያልቁት ጅቡቲን ለመድረስ ነው፤ ትርፉ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ «እኔም 0.5 አድርጌዋለሁ፣ ለምን አልሄደም?» የሚል ወጣት ካለ መልሱ ይኸው ነው።

402 ሜትር

ድራግ ሬስ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ ሜዳ የሚሽቀዳደሙበት ነው። መደበኛው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው፤ ግማሹን፣ 201 ሜትርን የሚሮጡም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ውድድሩን ከመንገድ አውጥቶ ወደ ሜዳ ያስገባው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ሲቋቋም አንዱ ዓላማው ወጣቶች በከተማ መንገድ ላይ እንዳይገዳደሉ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ ተወዳዳሪ ሞት በኋላ ትልልቆቹን መኪኖች ወደ 305 ሜትር አሳጠራቸው።

በዚህ ስፖርት ትልቅ ሞተር ብቻ ይነግሣል ብሎ የሚያስብ ሰው ፖርቶ ሪኮን ይመልከት። በዚያች ትንሽ ደሴት የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ኮሮላና ስታርሌት የድራግ ሜዳ ጌቶች ናቸው፤ የቤተሰብ መኪና ሞተር ላይ ቱርቦ ጭነው ብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ሞተር ጋር ይሰለፋሉ። የእኛ ሰው «ዲኤክስ» ብሎ የሚያውቃት ኮሮላ የእነዚያ ቤተሰብ ናት። ልዩነቱ የእነሱ ተወዳጅ ሞተር 1.8 ሊትር ሲሆን እዚህ በብዛት የምናየው 4ኬ የሚባለው 1.3 ሊትሩ መሆኑ ነው። ዲኤክስ ቀላል ናት፣ በኋላ ጎማ ትነዳለች፣ መለዋወጫዋን በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያልነካ ነጋዴ የለም። ለትንሽ የድራግ መኪና የሚፈለገው ይኸው ነው።

አሮጌ መኪና ጠግኖና አሻሽሎ መያዝ ደግሞ ከምርጫ ወደ ግዴታ እየተጠጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከእንግዲህ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የሌለው መኪና ነው። ጭስ ማውጫ መሥራት የሚያውቅ እጅ ልጁን ሌላ ሙያ ማስተማር ይኖርበት ይሆናል። እስከዚያ ግን ያለው መኪና ሁሉ አርጅቶ ወደ እሱ ይመጣል።

ቱርቦው ከቱቦው ይቀድማል

ልምድ የሌለው ሰው ቱቦውን ከቴስታታው ጀምሮ እያጠፈ ይመጣና መጨረሻ ላይ ቱርቦውን የት እንደሚያስቀምጠው ይጨነቃል። ሥራው የሚጀመረው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ቱርቦው መጀመሪያ ቦታው ላይ ይንጠለጠላል፤ በሽቦ፣ በእንጨት፣ በጊዜያዊ ብረት። የዘይት መመለሻው ቀዳዳ ወደ ታች ማየት አለበት፣ ምክንያቱም ዘይቱ ከቱርቦው የሚወጣው በራሱ ክብደት ነው። ኮፈኑ ይዘጋል ወይ? የመሪው ዘንግ ይዞራል ወይ? ሞተሩ በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ሲወዛወዝ ከሻንሲ ጋር ይጋጫል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ ሴጌቶ የሚያነሣ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

በ4ኬ ሞተር ላይ ሌላም ችግር አለ፤ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው በአንድ ወገን ናቸው። ካርቡራቶሩ ከጭስ ማውጫው በላይ ተቀምጧል። ተራው ማኒፎልድ ከሥሩ ሲግል ችግር የለውም፤ ቱርቦ ሲጨመር ግን ሙቀቱ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል። ስለዚህ ቱቦዎቹ ወዲያው ወደ ታች ታጥፈው መራቅ አለባቸው፣ በመካከልም የሙቀት መከላከያ ላሜራ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ብረቱ። ሰቃም ሆነ ጅማ፣ የብየዳ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚገኘው ቱቦላሬ ነው። ቱቦላሬ ለበር፣ ለአጥር፣ ለወንበር ጥሩ ነው። ውፍረቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ቤንዚን የሚያቃጥል ባለቱርቦ ሞተር ጭስ ሜዳ ላይ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ሙቀት ቀጭን ተራ ብረት ቀይ ሆኖ ይግላል፣ ገላው በቅርፊት እየተላጠ ይሳሳል፣ የቱርቦውን ክብደት መሸከምም ያቅተዋል። ሁለተኛው ፈተና የውሃ ቧንቧ ነው። ወፍራም ነው፣ ክብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጎሚቶውም ታጥፎ ይሸጣል። ነገር ግን በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ከ900 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይፈላል፤ ጭሱን የማገው በያጅ ማታ በብርድና በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። «ወተት ጠጣበት» የሚለውን ምክር በየብየዳ ቤቱ ሰምቻለሁ። ወተት ከሳንባ ዚንክ አያወጣም። የሚያድነው ልባሱን በአሲድ ወይም በግራይንደር አንሥቶ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ መበየድ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የውሃ ቧንቧውን ለውሃ መተው።

ለሥራው የሚገባው ለእንፋሎትና ለፋብሪካ መሥመር የሚውለው፣ ያልተለበጠው ወፍራም ቧንቧ ነው። አንድ ከሩብ ኢንች የሚባለው የዚህ ዓይነት ቧንቧ ስስ ከሆነው ወገን ሲወሰድ የውጭ ስፋቱ 42፣ የግድግዳው ውፍረት 2.8፣ የውስጥ ስፋቱ ከ36 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ ነው፤ ለ1.3 ሊትር ሞተር ከበቂ በላይ ነው። የበለጠ ማስፋት ጀማሪን የሚያታልል ስሕተት ነው። ቱቦ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ የዘገየ ጭስ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ጭስ ተርባይን አያዞርም። ገንዘብ ያለው ስቴንለስ ይጠቀማል፤ ስቴንለስ አይላጥም፣ አይዝግም፣ ሙቀቱንም ይዞ ያቆያል። ግን የራሱ ጠባይ አለው፣ እደርስበታለሁ።

የሚለጠጠው ብረት

ፍላንጁ፣ ማለትም ቴስታታው ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት፣ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቅርጹን የሚሰጠው ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ጓርኒሲዮኑን ብረቱ ላይ አስተኝቶ ቀዳዳዎቹን መቅዳት ነው። መበየድ ሲጀመር ግን ይህ ወፍራም ብረት ሳይቀር ይጣመማል። አራት ቱቦ በአንድ ወገን ሲበየድበት ያ ወገን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ፍላንጁም ጫፍና ጫፉን አንሥቶ ይቆለመማል። የአንድ ሚሊ ሜትር መጣመም ጓርኒሲዮን ለማቃጠል በቂ ነው።

መድኃኒቱ አሮጌ ቴስታታ ነው። ከተጣለ ሞተር የወጣ ቴስታታ ወርክሾፑ ውስጥ እንደ መያዣ ይቀመጣል፣ ፍላንጁ በሁሉም ቡሎኖች ይታሰርበታል፣ ከዚያ ይበየዳል። አንደኛው ቱቦ ላይ ትንሽ፣ ወደ አራተኛው ዘሎ ትንሽ፣ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይፈታም፤ እዚህ ላይ የቸኮለ በያጅ የጊዛ ማኒፎልድ ላይ ውሃ ከሚደፋው ሹፌር አይሻልም። ከዚያም ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይስተካከላል። አንዳንድ ጥሩ ሠሪዎች ደግሞ ከብየዳ በኋላ ፍላንጁን በቱቦዎቹ መካከል በሴጌቶ ቆርጠው አራት የተለያየ ቁራጭ ያደርጉታል። ሲያዩት ሥራ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን ብልኅነት ነው።

ብልኅነቱ በቁጥር ይገባል። ግማሽ ሜትር የሚሆን የስቴንለስ ቱቦ 800 ዲግሪ ሲጨመርበት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ተራ ብረት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቴስታታው ግን በውስጡ ውሃ ስለሚዞር ከ100 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ባለበት ይቆያል። አንዱ ጫፍ ባለበት ቀርቶ ሌላው ሲሄድ መካከል ላይ ያለው ብየዳ ይቀደዳል፤ ያውም ገና በመጀመሪያው የውድድር ቀን። ፍላንጁን መቁረጥ፣ ቱቦዎቹን ቀጥ አድርጎ ከመወጠር ይልቅ ጠምዘዝ ማድረግ፣ በሚሰበሰቡበት ቦታ አንዱን ቱቦ በሌላው ውስጥ ሳይበየድ እንዲንሸራተት ማድረግ፣ ሁሉም አንድ ዓላማ አላቸው፤ ለሚለጠጠው ብረት መሄጃ መስጠት። ስቴንለስ «የራሱ ጠባይ አለው» ያልሁት ይህን ነው፤ ከተራው ብረት አብዝቶ ይለጠጣል፣ ስለዚህ መሄጃ በነፈገው ሠሪ ላይ አብዝቶ ይቀደዳል። የቱርቦው ክብደት ደግሞ ቱቦው ላይ መንጠልጠል የለበትም። ከሞተሩ ገላ የሚነሣ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ድጋፉን ከሻንሲው ማንሣት ግን ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ቱቦውን መስበር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የማይታየው የብየዳ ወገን ነው፤ የቱቦው ውስጥ። በኤሌክትሮድ ስንበይድ ቅርፊት ይቀራል። የበር ብየዳ ላይ በመዶሻ ይራገፋል፣ አበቃ። ቱቦ ውስጥ የቀረች የሽንብራ ፍሬ የምታክል ቅርፊት ግን ሙቀትና ንዝረት አላቅቋት በደቂቃ 100,000 ዙር ወደሚሽከረከር ተርባይን ትገባለች። ተርባይኑ ክንፉ ይሰበራል፣ ዘንጉ ሚዛን ያጣል፣ ቱርቦው ያልቃል። የቱርቦ ሥራ በአርጎን ብየዳ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ አርጎን ቅርፊት አይተውም። በስቴንለስ ላይ ደግሞ ቱቦው ውስጥም አርጎን መሞላት አለበት። ካልተሞላ ከውስጥ በኩል ብየዳው ከአየር ጋር ተቃጥሎ ጥቁር ሻካራ ይሆናል፣ እዚያው ላይም ስንጥቅ ይጀምራል። ውጭውን አሳምሮ ውስጡን የረሳ ብየዳ ሲሸጥ ያምራል፤ ሲሮጥ ይታያል።

አርጎን ለሌለው ብየዳ ቤት በሩ አልተዘጋም፤ ይጠባል እንጂ። ወፍራም ቧንቧ ይዞ፣ ክፍተት ሳይተው ገጥሞ፣ እጅ ከውስጥ ሊደርስበት የሚችለውን መገጣጠሚያ አስቀድሞ እየበየደ፣ እያንዳንዱን ቱቦ ከመዝጋቱ በፊት ከውስጥ በሞረድና በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ የሚሠራ ሰው የሚያገለግል ነገር ይሠራል። ሲጨርስ ጠጠር ከትቶ ደጋግሞ መናጥና በአየር መንፋት፣ ያንን ካልጨረሰም ቱርቦውን አለመግጠም ነው።

አራቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታ የሠሪው ማንነት የሚታይበት ነው። ሞተሩ የሚተኩሰው በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ነው። የሚከታተሉት ምቶች በአንድ ጠባብ ጉሮሮ ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ የሌላውን ፒስቶን ጭስ ወደ ኋላ ይመልሳል። ስለዚህ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር ይጣመራሉ፤ ተርባይኑ ሁለት መግቢያ ካለው ሁለቱ ጥንዶች እስከ መጨረሻው ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ። ተርፎ የሚመጣውን ጭስ ወደ ውጭ የሚለቅቀው በር፣ ዌስትጌት፣ የሚቀመጠው ከአራቱም መገናኛ በኋላ፣ ጭሱ በራሱ አቅጣጫ ሊገባበት በሚችል ዘንበል ያለ ቱቦ ላይ ነው። ቦታ አጥቶ ከአንዱ ቱቦ ጎን በቀጥታ የተሰካ ዌስትጌት ጭሱ አልፎት ይሄዳል፣ ግፊቱ ከተፈለገው በላይ ይወጣል። ተራ ቤንዚን በሚያቃጥል አሮጌ ሞተር ላይ ይህ ማለት ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስቶኑም ይበሳል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ዌስትጌቱን በመጨረሻ፣ በቀረው ቦታ ላይ ነው የሚሰካው።

አራቱ ቱቦዎች እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል የሚለው ወግ አለ። ፎቶ ላይ ያምራል፤ እንደ እባብ የተጠማዘዘ የሚያብረቀርቅ ብረት ማን ይጠላል? የእኔ ፍርድ ግን ለትንሽ ሞተር፣ ለአጭር ሩጫ፣ በኤሌክትሮድ ለሚሠራ ብየዳ ቤት አጭርና ወፍራም ይሻላል የሚል ነው። የረዘመ ቱቦ ብዙ መገጣጠሚያ አለው፣ ብዙ መገጣጠሚያ ብዙ ስንጥቅ ነው። ሙቀትም በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ 1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ መነሻው ላይ ቆሞ ግፊት ለመሰብሰብ እያንዳንዷን ዲግሪ ይፈልጋታል። የፋብሪካው አይሱዙ ማኒፎልድ አጭርና ወፍራም የሆነው መሐንዲሱ ሰንፎ አይደለም።

ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ይህን ሁሉ በስሌት ያውቁታል፤ ሙቀትን፣ መለጠጥን፣ የጋዝን ፍሰት። የሰቃ በያጅ በእጁ ያውቀዋል። በመካከላቸው ያለው 20 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣ ተማሪ አንድ የተሰነጠቀ የአይሱዙ ማኒፎልድ ይዞ አንድ ብየዳ ቤት ይግባና ይጀምር፤ በያጁም ስለ ጊዛ ለመጠየቅ የመጣን ሰው አይመልስም።

ዲኤክሱ ላይ ቱርቦ ለመግጠም ለተነሣው ወጣት ደግሞ ሁለት ቃል አለኝ። ቱርቦ የተገጠመላት ዲኤክስ ቦሎ የምታገኝበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ለመንገድ የምትነዳትን ለውድድር አትለውጥ፣ ሌላ አሮጌ ፈልግ። የጅማና የሰቃ መንገድም በቡና ወቅት ጭነት የያዘ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅና ባጃጅ የሞላበት ነው፤ 402 ሜትር የሚሆን ባዶ ቀጥታ የለውም። ሠርተህ ከጨረስህ ለመሞከር የተዘጋ ሜዳና ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን ፈልግ፤ እስኪገኝ ድረስ መኪናዋ ግቢህ ውስጥ ትቁም።